እትዬ አስቴርና ያበጠው ዓይኔ

ቂል ነህ የሚለኝ ሰው ሲመጣ አልከራከርም። ማስረጃው እኔው ጋ አለ፤ ለዚያውም በደም ምርመራ የተረጋገጠ። በሕይወት የሚያቆየኝን ኪኒን «አሁንማ ደህና ነኝ» ብዬ በገዛ እጄ የተውኩ ሰው ነኝ። መተው ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እኔ ግን ያልዋጥኩትን ኪኒን የማስቲሽ ቆርቆሮ ውስጥ እያጠራቀምኩ፣ በየወሩ ባዶውን ዕቃ ይዤ ሄጄ ሌላ እቀበል ነበር።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ሸጎሌ መንገድ ዳር ሃያ ምናምን ዓመት ጎማ ለጥፌአለሁ። የሰው ጎማ በየት በኩል እንደሚተነፍስ በጆሮዬ ሰምቼ አውቃለሁ። የእኔን ቀዳዳ ያገኘችልኝ ግን እትዬ አስቴር ናት።

መሞቷን ያወቅሁት ባለፈው ሰሞን መድኃኒቴን ልቀበል ጳውሎስ ሆስፒታል ስሄድ ነው። ድሮ እሷ ትቀመጥበት የነበረው መስኮት መስታወት ላይ ፎቶዋ ተለጥፏል። ጡረታ ከወጣች ዓመት ስላልሞላት፣ ከሩቅ ሳየው የሽኝት ዝግጅት ነገር መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳነበው የለቅሶ ቤቱን አድራሻ የሚናገር ነው። መስኮቱ ላይ ያለችው አዲሷ ልጅ ፎቶው ላይ አፍጥጬ መቆሜን አይታ፣

«እትዬ አስቴርን ያውቋት ነበር?» አለችኝ።

«እሷ ነች እኔን የምታውቀኝ» አልኳት። ቀልድ አልነበረም።

በሽታው የተገኘብኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሆዴ በግራ በኩል እየገፋ ሲመጣ ቦርጭ ያወጣሁ መስሎኝ ኮራሁ። እውነቴን ነው። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አላልቼ፣ ሰው ሲያየኝ ሆዴን ይበልጥ ገፋ አደርግ ነበር። ሐኪሙ ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «ይሄ ቦርጭ አይደለም፣ ያበጠ ጣፊያ ነው» አለኝ። ከዚያ ደም ተወሰደ፣ ከዚያ «የደም ካንሰር» የሚል ቃል መጣ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ያለቀብኝ ያን ቀን ነው።

ማዘዣዬን ይዤ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች አንዲት ቀጭን ሴትዮ ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ...»

«ሲስተር አይደለሁም።»

«ይቅርታ ዶክተር።»

«ዶክተርም አይደለሁም። ፋርማሲስት ነኝ፤ አስቴር እባላለሁ። ሥራህ ምንድን ነው?»

«ጎሚስታ ነኝ እትዬ። እርስዎ...»

«እርስዎ አትበለኝ። ብዙ ዓመት ነው የምንገናኘው፣ ይደክምሃል። ኮምፕሬሰር አለህ?»

ጎማዋ የተነፈሰባት መሰለኝ። «አለኝ» አልኳት።

«አየሩ ሲሞላ ምን ይሆናል?»

«በራሱ ጊዜ ይጠፋል።»

«አልጠፋ ቢልስ?»

«እሱማ ይፈነዳል።»

«በቃ በሽታህ እሱ ነው» አለችኝ። «ደምህን የሚሠሩት ሴሎች ውስጥ ማጥፊያው የተበላሸ ኮምፕሬሰር አለ። በቃህ የሚለው የለም፣ ቀን ከሌት ደም ይሠራል፤ ለዚያውም የማይረባ ደም። ይሄ ኪኒን ምን ያደርጋል መሰለህ፣ ኮምፕሬሰሩ ኃይል የሚያገኝበት ሶኬት ውስጥ ገብቶ ይሰካል። ሶኬቱ ከተያዘ ሞተሩ በምን ይነሳል?»

«ማጥፊያውን አይጠግነውም?»

«አይጠግነውም። ሶኬቱን ይይዛል እንጂ። እሱም ቢሆን ነገ ይለቃል። ስለዚህ ነገ ሌላ ትውጣለህ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክትሰለቸኝ። አሁን ያልኩህን ድገምልኝ።»

ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ እንደ ተማሪ ድገም ተብዬ ደገምኩ። «ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ፣ በየቀኑ፣ ሳላቋርጥ።» አንዷን ስረሳ በእስክሪብቶዋ መስታወቱን ኳ ኳ ታደርጋለች። ያን መስኮት ሳይደግም ያለፈ ሰው አላየሁም።

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እንግዲህ ፀጉራችን ሊረግፍ ነው» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማችው።

«አይረግፍም» አለችው። «አብዛኛው የድሮ መድኃኒት አፈሳ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ይወስዳል፣ ፀጉሩንም ጨጓራውንም። ይሄኛው ግን ስምና ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ከሁለት ወር በኋላ ዓይኔ ሥር አብጦ፣ ቆዳዬ እየቀላ ሲመጣ «ስምና ፎቶ ይዞ ነው የሚመጣው አላልሽም? ዓይኔ ምን አጠፋ?» ብዬ ሄድኩባት።

ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። «በፎቶ ሲፈለግ እኮ መልኩ የሚመሳሰልም አብሮ ይያዛል» አለችኝ። «ቆዳህን በሚያጠቁረው ሴልም፣ ዓይንህ ሥር ባለውም ላይ ሶኬቱ ትንሽ ይመሳሰላል። ጥፋት የለበትም፣ በስህተት ነው የታሰረው። ቻለው።»

የሽሮ ሜዳ ልጅ ናት፤ አባቷ ሸማኔ ነበሩ። ኪኒኗ አንድ ቀን ብቻ ብትቀርስ ብለን ስንለማመጣት «አባቴ አንዲት ክር ከተበጠሰች ሳይቋጥራት አያልፍም ነበር፤ እናንተ በራሳችሁ ገላ ላይ ክር ትዘላላችሁ?» ትላለች። ሌላ መድኃኒት ደርቦ የሚወስድ ሰውም አይመቻትም። «ይሄ ኪኒን ቀናተኛ ነው፤ የሐበሻም ይሁን የፈረንጅ፣ ሌላ ነገር ከመቅመሳችሁ በፊት ንገሩኝ።» አንዴ አንድ ሽማግሌ በሃይላንድ የተሞላ የቅጠል ጭማቂ አወጡላት። ምን እንዳለበት ብትጠይቃቸው «አዋቂው ስሙ አይነገርም ብሎኛል» አሏት። «እንግዲያው አባቴ፣ ስሙ የማይነገር ነገር ስሙ ከሚነገር መድኃኒት ጋር አይጠጣም» ብላ፣ ሃይላንዱን በሁለት እጇ በክብር መለሰችላቸው።

እኔ በበኩሌ ሰፈር ውስጥ መከራዬን አየሁ። ሸጎሌ ላይ ግርማ ፊት የሚያቀላ ክሬም ጀመረ የሚል ወሬ ተነዛብኝ። አንዱ ባለ ታክሲ ጎማውን እየለጠፍኩለት «ወንድሜ፣ የምትቀባውን ለሚስቴም ንገራት» አለኝ። ዓይኔን ያየ ደግሞ ምን እንደምጠጣ ይጠይቀኛል። እኔም ሳቅሁና ዝም አልኩ። ካንሰር አለብኝ ከማለት ክሬም የሚቀባ ሰካራም መባልን መረጥኩ። ከባለቤቴ በቀር ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም፤ ሰው «አይዞህ» እያለ በአዘኔታ ሲያየኝ መቀለድ አልችልም ብዬ ፈራሁ። ቀልድ ደግሞ ከጎማ ቀጥሎ የማውቀው ሙያ እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ቂልነቴ ልምጣ። በሽታው በተገኘ በሁለተኛው ዓመት የነቢያት ጾም ገባ። ከጎኔ ባለው ጋራዥ አጠገብ የምንሠራው ሁላችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን። እኔ ጠዋት ቁጭ ብዬ ብበላ ምን ሆነህ ነው መባሌ አይቀርም። ስለዚህ ኪኒኑን በባዶ ሆዴ በአንድ ጉንጭ ውሃ ወረወርኩት፤ እሱም ሳይውል ሳያድር ከጎማ ክምሩ ጀርባ እያስመለሰ ወረወረኝ። ሁለት ቀን እንዲህ ከሆንኩ በኋላ የጾም ቀን ሲሆን ዘለልኩት። የእኛ ጾም ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አጽዋማቱ አሉ፣ ከዚያ ሲተርፍ ረቡዕና ዓርብ አለ። እንደዚያ እያልኩ ግማሹን ጊዜ በሽተኛ፣ ግማሹን ጊዜ ክርስቲያን ሆንኩ። ባለቤቴን ሥራ ቦታ ነው የምውጠው ብያታለሁ። ሁዳዴ ሲገባ ጨርሼ ተውኩት።

ጉዱ ምንድን ነው፣ ተመቸኝ። የዓይኔ እብጠት ሟሸሸ፣ እግሬን ሌሊት ይይዘኝ የነበረው ቁርጥማት ለቀቀኝ፣ መልኬ ተመለሰ። ጾሙ ፈወሰኝ ብዬ አመንኩ።

የሁዳዴ ሦስተኛ ሳምንት ላይ፣ የወሩን መድኃኒት ልቀበል ደረቴን ነፍቼ እትዬ አስቴር ፊት ቆምኩ። ወረቀቴን አልተቀበለችኝም። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗ ላይ አደረገችና አየችኝ።

«ግርማ፣ አምሮብሃል።»

«ጾሙ ነው እትዬ።»

«ዓይንህ ጎድጎድ ብሏል። የጥንቱ ጥቁረትህም መጥቷል።»

«ፀሐይ ላይ ነው የምውለው።»

«አምናም ፀሐይ ነበረች» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሰልፉ እንዳይሰማ፣ «ከተውከው ስንት ጊዜ ሆነህ?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። ፊቴ አስቀድሞ ተናግሮ ጨርሷል፣ ምን እጨምራለሁ? ሁሉንም ነገርኳት፤ ጾሙን፣ ሰው እንዳያውቅ መፍራቴን፣ ማስመለሱን፣ ቆርቆሮውን።

ሰማችኝና «እሺ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትበላ ከምግብህ ጋር ብትውጠውስ?» አለችኝ።

አላሰብኩትማ። ከአራት ወር በላይ ሳመልጥ፣ ሳስመልስ፣ ስደብቅ ሰዓቱን ማዞር አንድ ቀን እንኳ ውል አላለኝም፤ ሰው መጠየቅም አልመጣልኝም። እዚህ ላይ ቂልነቴን የሚጠራጠር ካለ እጁን ያውጣ።

በማግስቱ ቆርቆሮውን አምጣ አለችኝ፤ አመጣሁ። ክዳኑን ስትከፍተው የማስቲሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አንዷን ኪኒን በጣቷ አነሳች፤ ሙጫ ነክቷት ተጣብቃለች። እትዬ አስቴር ያልቀለደችብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ፣ አልቋል ሌላ ቀን ተመለስ ያልኩት ሰው አለ» አለች። «ያ ሰው ይሄን ቆርቆሮ ቢያየው ምን ይልሃል?» ቆርቆሮውን ከድና ጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠችው። እኔም ከዚያ በኋላ ቆርቆሮ በከፈትኩ ቁጥር ያ ሰውዬ ትዝ ይለኛል፤ አይቼው አላውቅም።

ደሜ ሲመረመር በሽታው ጨምሯል። ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ምርመራ ድረስ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ሁለቱንም ከምግብ ጋር ብሎ አዘዘ። ለጾም ብዬ የተውኩት መድኃኒት ጾሜን ጭራሽ ወሰደብኝ ማለት ነው። እትዬ አስቴር የቀረውን አስረዳችኝ። በመሃል ሲቋረጥ አንዳንድ ሴሎች ጊዜ አግኝተው የሶኬቱን ቅርፅ ይቀይራሉ፤ ቅርፁ ከተቀየረ ይሄ ኪኒን አይገባም፤ ሌላ ዓይነት መፈለግ ነው፤ ሌላው ደግሞ እንደዚህ እንደልብ አይገኝም።

«ተቀይሮ ይሆን?» አልኳት።

«ከፋሲካ በኋላ በሚወሰደው ደም እናውቃለን። እስከዚያ ትበላለህ፣ ትውጣለህ።»

«ሁዳዴን በጠዋት? እትዬ፣ አንቺ ጴንጤ ስለሆንሽ ነው ቀላል የመሰለሽ። እኔ እኮ አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ጾም አልሻርኩም።»

«የነፍስ አባትህ የት ነው ያሉት?»

በዚያው ቅዳሜ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ ዳገቱን ተያይዘን ወጣን። አባ ወልደ ማርያም ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ነው ያገኘናቸው። እሷ ማን እንደሆነች፣ ኪኒኑ ምን እንደሆነ፣ እኔ ምን እንዳደረግሁ አንድ በአንድ ነገረቻቸው፤ ሰው ፊት እንደዚያ ተገልብጬ አላውቅም።

«መድኃኒት ተው ያለህ ማነው?» አሉኝ አባ።

«ማንም።»

«ታዲያ እኔን አትጠይቅም?»

«አፈርኩ አባ።»

«ሰው በኃጢአቱ ያፍራል እንጂ በጣፊያው ያፍራል?» አሉና ወደ እሷ ዞሩ። «ሐኪም ብላ ካለው ይብላ። ጸሎቱ አለለት፣ ምጽዋቱ አለለት። ቢፈልግ ምላሱ በሰው ከመቀለድ ይጹም፤ እሱ ይከብደዋል።»

እትዬ አስቴር ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። እኔ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሳህኔን በጋዜጣ ሸፍኛለሁ፤ መብላቱን ልጀምር አልቻልኩም።

«ምን በላህ?»

«ሽሮ።»

«ወፍራም ነው ቀጭን?»

«መካከለኛ።»

«ሽንኩርቱ በስሏል?»

«እትዬ፣ ኪኒኑ ይሄን ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል?»

«እኔ ነኝ የምፈልገው። ገና አልጀመርክም ማለት ነው፤ አኝክ ልስማ።»

አኘክሁ። በጆሮዋ እየሰማች። ጓደኛዬ ሙሉነህ ኮምፕሬሰሩ ጋ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሌሎቹም መጡ። ስልኩን ሳልዘጋ፣ ሌላ መውጫ ስላጣሁ፣ «ኪኒን አለብኝ» አልኩ።

«የምን ኪኒን?» አለ ሙሉነህ።

«የደም ካንሰር።»

ይሄው መጣ፣ አሁን አይዞህ ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሙሉነህ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠና «አንተ፣ እኛ እኮ ክሬም መስሎን ስንት ሰው ፊት አማንህ» አለ። ከስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ እየሳቀች እንደሆነ ገባኝ። ሙሉነህ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃዬን በትልቁ ብርጭቆ እየቀዳ ያመጣልኝ ጀመር፤ ካልጨረስኩ አይሄድም።

እስከ ፋሲካ አንድ ቀን ሳታጓድል ደወለች። ምስር ከሆነ ምን ዓይነት ምስር፣ ጎመን ከሆነ ስንት ቃሪያ እንደገባበት ትጠይቃለች። እኔም ምግቤን እንደ ኳስ ጨዋታ ማስተላለፍ ለመድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ምን ያህል እንደፈራሁ ለመናገር ቀልድ መፈለግ አለብኝ፣ አላገኘሁም። የመጣ ቀን ሐኪሙ ዘንድ ከመግባቴ በፊት ወረቀቱን ይዤ መስኮቱ ጋ ሮጥኩ። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። አነበበች። እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች።

«ወርዷል» አለች። «ሶኬቱ አልተቀየረም፤ ኪኒኑ ይዞልሃል።»

«ስንት ወረደ?»

«መልሰህ ሰው ለማሰልቸት የሚበቃህን ያህል። ሂድ፣ ተራ አትዝጋ።» ብላ ወደ መደርደሪያው ዞረች። መደርደሪያው ላይ የምታነሳው ነገር አልነበረም፤ ጀርባዋን ሰጥታን ትንሽ ቆየች። ከዚያ ዞራ «ቀጥሎ ያለ» አለች።

ይኸው ዛሬም በየቀኑ እውጣለሁ። ዓይኔ እንዳበጠ ነው፤ ሙሉነህ ያላበጠ ቀን ያየኝ እንደሆነ ለባለቤቴ ሊደውል ቃል ገብቷል።

ያን ቀን ፎቶዋን ካየሁበት መስኮት በቀጥታ ሽሮ ሜዳ ለቅሶዋ ቤት ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል፤ መዝሙር ይዘመራል። የእኔ ብጤ ዓይናቸው ያበጠ አምስት ስድስት ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው አልቅሰው ነው ይላል፣ እኛ እንተዋወቃለን። ጥግ ላይ ደግሞ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ አባ ወልደ ማርያም ተቀምጠዋል። በእነ እትዬ አስቴር ድንኳን ውስጥ ቄስ ማየት አልጠበቅሁም። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«አንተ የምታደርገውን። ላለቅስ መጥቼ ነው።»

«ያን ቅዳሜ አንዴ ነው እኮ ያዩዋት።»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አትንገሩት ብላኝ ነበር» አሉኝ። «አሁን ብነግርህ እሷ የምትቀየመኝ አይመስለኝም። አንተን ይዛ በመጣች ማግስት ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ‹አባ፣ እኔ የእናንተ አይደለሁም፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ ሰውዬ መብላት አለበት፤ ልቡ ግን ጾሙ ላይ ነው፤ እያዘነ ከበላ ይተወዋል። የእሱን እኔ ብጾምለት ይቆጠርለታል?› አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አላየሁም አልኳት። ‹አይቻልም የሚልስ አይተዋል?› አለችኝ። እሱንም አላየሁም አልኳት። እንግዲህ እስከ ፋሲካ፣ እዚያ መስኮቷ ላይ ቆማ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ በአፏ አልዞረም። በትንሣኤው ዕለት ደውላ ‹ጨረስኩለት አባ› አለችኝ። እኔም ‹ልንገረው እንዴ፣ ደስ ይለዋል እኮ› ብላት፣ ‹ኧረ እባክዎ አባ፣ ያ ጎሚስታ ከሰማ ዕድሜ ልኬን መቀለጃ ያደርገኛል› አለችኝ።»